ለመቆም የሚገዛ መኪና

አርቪ የሚባለው መኝታ፣ ማድ ቤት፣ መታጠቢያና መጸዳጃ የተሟላለት፣ ጎማ ላይ የቆመ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ብሔራዊ ፓርኮች በሚወስዱ መንገዶች ላይ ተሰልፎ ይታያል። አብዛኛው ባለቤት በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ያወጣውና የቀረውን ጊዜ ሸፍኖ ያቆመዋል። አንዳንድ ቤተሰቦች ግን ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፣ ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ውስጥ እየኖሩ ከፓርክ ፓርክ ይዘዋወራሉ፤ ልጆቻቸውንም በእግር ጉዞ ያሳድጋሉ። ስለዚህ ኑሮ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ርቀቱ ነው፦ ስንት ግዛት ተዳረሰ፣ ስንት ፓርክ ታየ። የመኪናው አሠራር፣ የፓርኮቹ መንገድና የልጅ እግር የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከአርቪ የሚያገኘው ዋናው ጥቅም የሚመጣው መኪናው ሲቆም ነው፤ ኑሮው የሚሰምረውም የሚበላሸውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የርቀቱ ዝና ከታሪክ የመጣ ነው። አሉሚኒየም የለበሰውን ኤርስትሪም የተባለ ተሳቢ ቤት በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገበያ ላይ ያዋለው ዋሊ ባያም ዕቃውን ያስተዋወቀው ገዢዎቹን አሰልፎ አገር በማቋረጥ ነበር። ከነዚህ ጉዞዎች ስመ ጥር የሆነው በ1959 ከኬፕ ታውን ተነስቶ በተከታዩ ዓመት ካይሮ የገባው ነው። ያ ሰልፍ ኢትዮጵያንም አቋርጧል፤ አዲስ አበባ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንግዶቹን ተቀብለዋቸዋል። ከጭቃና ከድንጋያማ መንገድ ጋር የታገሉት የብር ቀለም ተሳቢዎች ፎቶግራፍ አርቪን የርቀት ምልክት አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣ ማስታወቂያም ይህንኑ መልክ ይዞ ቀረ። ይሁንና ከተጓዦቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ዳይፐር የሚቀይሩበትን ዘመን የጨረሱ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ የተስማማውን የጉዞ ስልት የሁለት ዓመት ልጅ ላለው ወላጅ እንዳለ ማስረከብ አይቻልም።

አርቪ ከሁለት ትላልቅ ወገኖች ይከፈላል። አንደኛው የራሱ ሞተር ያለው ሞተርሆም ነው፤ ከአውቶቡስ የማይተናነስ አለ፣ በቫን ቀፎ ውስጥ የተሠራ ጠባብ አለ፣ በመካከላቸውም ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ የተዘረጋበት አለ። ሁለተኛው ሞተር የሌለው፣ በፒካፕ ወይም በሌላ ጉልበተኛ መኪና የሚጎተት ተሳቢ ነው። ልጅ የሌለው ሰው በምቾትና በዋጋ ያማርጣል፤ ልጅ ያለው ግን በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባ ጉዳይ አለ። የሕፃን መቀመጫ የሚታሰረው ወደ ፊት በሚያይና የመኪናውን አካል በያዘ ቀበቶ በተገጠመለት ወንበር ላይ ነው። በብዙ ሞተርሆም ውስጥ ከኋላ ያሉት ሶፋዎች ወደ ጎን ስለሚያዩ ለዚህ አይሆኑም። ተሳቢ ቤት የሚጎትት ቤተሰብ ልጆቹን የሚያስቀምጠው ለዚሁ በተሠራው የፒካፑ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ ሲደርስ ደግሞ ቤቱን ከፒካፑ ፈትቶ ያቆመውና በፒካፑ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ያላቸው ብዙ የሙሉ ጊዜ ተጓዦች ወደ ተሳቢ የሚያዘነብሉት ስለዚህ ነው። ምርጫቸው ራሱ ቤቱ ብዙውን ጊዜ ቆሞ እንዲውል የታሰበ መሆኑን ይናገራል።

ወደ ውስጥ ገብቶ አሠራሩን ያየ ሰው ደግሞ የቤተሰቡን የቀን መቁጠሪያ የሚጽፉት ከወለሉ በታች ያሉት ሦስት ታንከሮች መሆናቸውን ይረዳል። አንደኛው ንጹሕ ውሃ ይይዛል፤ መካከለኛ መጠን ባለው አርቪ ከ30 እስከ 60 ጋሎን፣ ማለትም ከ115 እስከ 230 ሊትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ከመታጠቢያና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደውን፣ ሦስተኛው የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይቀበላሉ። ሁለት ጎልማሶች ቆጥበው የሚሰነብቱበት ውሃ፣ ጭቃ ላይ ሲንከባለል የዋለ ልጅ ካለ በቶሎ ያልቃል። ማፍሰሱም ሥርዓት አለው። ጓንት ይጠለቃል፤ ወፍራሙ ቱቦ ከአርቪው ሥር ካለው አፍ ጋር ተጠምዝዞ ይገጠማል፤ ሌላኛው ጫፍ መሬት ላይ ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ ይገባል። ቀድሞ የሚከፈተው የመጸዳጃው ታንከር ነው፤ የመታጠቢያው ውሃ ተከትሎ ሲለቀቅ ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። የመጸዳጃውን ቫልቭ ሁልጊዜ ክፍት የሚተው ሰው ፈሳሹ ቀድሞ ይሄድበትና ደረቁ ታንከሩ ውስጥ ተጋግሮ ይቀርበታል። ቱቦው በቅጡ መግጠሙን ሳያረጋግጥ የሚከፍት ሰው ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለውን በእጁ ይማረዋል።

መብራቱም እንዲሁ ስሌት ይፈልጋል። የካምፕ ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ የ30 ወይም የ50 አምፒር መስመር አላቸው። ባለ 30ው 3,600 ዋት ይሰጣል፤ አየር ማቀዝቀዣውና ማይክሮዌቩ በአንድ ላይ እየሠሩ ውሃ ማሞቂያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ባለ 50ው በሁለት መስመር እስከ 12,000 ዋት ስለሚያደርስ ያን ያህል አያስጨንቅም። መስመር በሌለበት ባትሪ፣ ሶላርና ጄኔሬተር ይተካሉ፤ ምድጃውና የክፍል ማሞቂያው በፕሮፔን ጋዝ ይሠራሉ። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የግድ ነው። ይህን ሁሉ ለጉዞ ማዘጋጀት ጊዜ ይበላል፦ ቁም ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ወደ ውጭ የተዘረጋው ግድግዳ ይሰበሰባል፣ ውሃና መብራት ይነቀላል፣ የድጋፍ እግሮቹ ይነሳሉ፣ መጎተቻው፣ ሰንሰለቱና የፍሬን መብራቱ ይፈተሻሉ። ሲደርሱ ሁሉም እንደገና ይሠራል፤ ያውም አንደኛው ወላጅ ልጆቹን ከመኪና መተላለፊያ እያራቀ። በየሁለት ቀኑ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ኑሮው ሸክፎ መፍታት ሆኖ ይቀራል።

ፓርኮቹም ቢሆኑ ለትልቅ መኪና አልተሠሩም። የሎስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለው በ1872፣ የፓርኮቹ አገልግሎት የተቋቋመው በ1916 ነው። ከመንገዶቹና ከካምፕ ቦታዎቹ ብዙዎቹ የተሠሩት በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ዘመን ሥራ ያጡ ወጣቶችን ያሰማራው የሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮርፕስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሞንታና ውስጥ ባለው ግሌሸር ፓርክ ተራራውን የሚያቋርጠው ጎይንግ ቱ ዘ ሰን የተባለው መንገድ፣ በከፍተኛው ክፍሉ ከ21 ጫማ (6.4 ሜትር) የሚረዝም መኪና አያሳልፍም። ዩታ ውስጥ ያለው የዛየን ዋሻ በ1930 ሲከፈት ለዚያ ዘመን ጠባብ መኪና ተለክቶ ነበር፤ ትልቅ አርቪ በመስመሩ ውስጥ ሆኖ ሊያልፍበት አይችልም። ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ሸነንዶዋ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው፤ የጣሪያውን አየር ማቀዝቀዣ ሳይቆጥር የገባ ሰው ዋጋውን ይከፍላል። ከሦስቱም ቦታዎች የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ ቤቱን አቁሞ በትንሽ መኪና፣ ባለበትም በፓርኩ አውቶቡስ መግባት።

ከመኪናውና ከመንገዱ ይበልጥ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ልጁ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ በእግር ሲሄድ መድረሻ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጉንዳን ሲያይ ይቀመጣል፣ ያለፈውን ድንጋይ ሊያነሳ ይመለሳል። በዚያ ላይ የሰውነቱ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ደግሞ የተሸከመው ወላጅ በላብ ተጠምቆ ሳለ ሳይንቀሳቀስ ብርድ ሊመታው ይችላል። ግራንድ ካንየን የተባለው ጥልቅ ሸለቆ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ከአፋፉ ሲነሱ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ልጁ እየሳቀ ይወርዳል፤ ወደ ታች በወረዱ መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዳገቱ የሚመጣው ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው። በኮሎራዶው ሮኪ ማውንቴን ፓርክ የመኪናው መንገድ ራሱ እስከ 3,713 ሜትር ይወጣል። ከፍታ ያመመው ሕፃን ራሴን አመመኝ አይልም፤ ይነጫነጫል፣ አልበላም ይላል፣ እንቅልፍ ያጣል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ሰውነት እስኪለምድ መቆየት፣ በጠዋት አጭር መንገድ መሄድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ተመልሶ ልጁን በራሱ አልጋ ማስተኛት ነው። የአርቪ ትልቁ ሥጦታም ይህ የቀትር እንቅልፍ ነው፤ ሊገኝ የሚችለው ግን ቤቱ ከእግር መንገዱ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቅ ብቻ ነው።

ፓርኮቹ ለልጆች ያዘጋጁት ነገርም የቆየን ይክሳል። ጁኒየር ሬንጀር በሚባለው መርሐ ግብር ልጁ ከእንግዳ መቀበያው በዕድሜው የተመጠነ ደብተር ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ያየውን እንስሳ ይሥላል፣ የድንጋዩን ቀለም ይመዘግባል፣ ሬንጀሩ፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ሲያስረዳ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ሲጨርስ ደብተሩን ይዞ ይቀርባል፤ ሰፊ ባርኔጣ የደፋው ሬንጀር ገጽ በገጽ አይቶ ይጠይቀዋል፤ ልጁም ቀኝ እጁን አንስቶ ፓርኩን እንደሚጠብቅ ቃል ይገባና ባጁን ይቀበላል። ይህን በሁለት ሰዓት አዋክቦ ማስጨረስ ይቻላል፤ ሥራውን ግን ወላጁ ይሠራዋል እንጂ ልጁ አይሠራውም። በየሎስቶን የፈላ ውሃ ወደ ሰማይ የሚረጨው ኦልድ ፌይዝፉል በአማካይ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይፈነዳል። ለሚቸኩል መንገደኛ ይህ ዕዳ ነው፤ ለሚቆይ ቤተሰብ ግን ልጅ ጠብቆ ማየትን የሚማርበት ጊዜ ነው። ከጎሽና ከአጋዘን ቢያንስ 25 ያርድ፣ ከድብና ከተኩላ 100 ያርድ ራቁ የሚለውን ደንብም፣ በፈላው ውሃ ዙሪያ ከተነጠፈው የእንጨት መረማመጃ አለመውረድንም ሕፃን በአንድ ቃል ትእዛዝ አይማራቸውም፤ በየቀኑ ሲደጋገምለት ይለምዳቸዋል።

እንግዲህ መቆም ከሆነ ቁም ነገሩ፣ ለምን አንድ ጎጆ ተከራይቶ አይቀመጥም የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ለአንድ ወር ዕረፍት ከሆነ መልሱም ጎጆ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውጭ ለሚውል ቤተሰብ ግን ወቅቱ ይለዋወጣል። አሪዞና በጥር ደስ ይላል፣ በሐምሌ ያቃጥላል፤ ግሌሸር በሐምሌ ያምራል፣ በጥር በረዶ ይዘጋዋል። አርቪ ከወቅቱ ጋር በዓመት ጥቂት ጊዜ እንዲዛወሩ፣ በየቦታው ግን ያው አልጋ፣ ያው ማንኪያ፣ ያው የመኝታ ሥርዓት እንዲቀጥል ያደርጋል። ለሕፃን ደግሞ ቤት ማለት ከአድራሻው ይልቅ ይህ ሥርዓት ነው። ሕጉም ገደብ አለው፦ በፓርኮቹ ካምፖች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይቻልም፤ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድረው ሜዳ ላይም በነጻ ማደር የሚፈቀደው በአብዛኛው በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው። ረዘም አድርጎ መቀመጥ የሚፈልግ ከፓርኩ በር ውጭ ባለ የግል ካምፕ በወር ሂሳብ ይከራያል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች ይነገራሉ፤ አንዱ ርካሽ ነው ይላል፣ አንዱ የሀብታም ጨዋታ ነው ይላል። ፓርኩ ራሱ ውድ አይደለም። ለአሜሪካ ነዋሪ በታላላቆቹ ፓርኮች የአንድ መኪና መግቢያ 35 ዶላር ሲሆን፣ የዓመቱ ፈቃድ 80 ዶላር ነው፤ ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ አይከፍልም፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ የአገሩ ተማሪም ቤተሰቡን በነጻ የሚያስገባ ፈቃድ ያገኛል። የሚያስወጣው መኪናው ነው፤ ትልቅ ሞተርሆም በአንድ ጋሎን ቤንዚን 10 ማይል እንኳ ላይሄድ ይችላል፤ ዋጋውም ከመሸጫ ግቢ ሲወጣ ጀምሮ ይወርዳል። በቀን ዋጋ ማደር በወር ከመከራየት ይበልጣል። ስለዚህ ወጪውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የቤተሰቡ የመንቀሳቀስ ፍጥነት ነው፤ አየሩን የሚበክለው ጭስም እንዲሁ። ይህ ሲባል ጎማ ላይ የሚኖር ሁሉ ወዶ ነው ማለት አይደለም። ጋዜጠኛዋ ጄሲካ ብሩደር በ2017 ያሳተመችውና በኋላም ፊልም ሆኖ ኦስካር ያገኘው «ኖማድላንድ» ያሳየው የቤት ኪራይ አቅቷቸው በመኪና የሚኖሩ አረጋውያን ሠራተኞችን ነው። ምርጫ የሚባለው መመለሻ ላለው ሰው ብቻ ነው፤ ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ሳያስቀምጥ የሚወጣ ቤተሰብ ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ ዘመድ የሚነሳው ነው። ልጅን ቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ ደንቡ ግን ይለያያል፤ ቴክሳስ ብዙ አይጠይቅም፣ ኒው ዮርክ ዕቅድና ሪፖርት ትጠይቃለች። ብዙ የሙሉ ጊዜ ተጓዦች ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳን ወይም ደቡብ ዳኮታን ሕጋዊ አድራሻ የሚያደርጉት በከፊል የግዛት የገቢ ግብር ባለመኖሩ ነው። ጤናው ላይ መፍትሔው ያን ያህል ቀላል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሕፃን ለክትባትና ለክትትል ብዙ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን በየግዛቱ የሚተዳደር ነው፤ ብዙ የግል መድንም ከራሱ ሐኪሞች ውጭ በድንገተኛ ሕመም ካልሆነ በቀር አይከፍልም። ለዚህ መልስ የሌለው ቤተሰብ ባይወጣ ይሻላል። መልስ ያለው ደግሞ በቀጠሮው ዙሪያ ይዘዋወራል፤ ይህም ዞሮ ዞሮ ዝግ ማለትን ያስገድዳል።

ለአበሻ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ሚዛን አለ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በዴንቨር ወይም በሲያትል የሚኖር ወላጅ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ እንግሊዝኛ ሰምቶ እንደሚመለስ ያውቃል፤ አርቪ ውስጥ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የእናትና የአባቱን አማርኛ ነው። በአንጻሩ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ የክርስትናው ድግስ፣ ልጁን አቅፋ የምታስተኛው አክስት ሁሉ ይቀራሉ፤ ቋንቋ ደግሞ በሁለት ሰው አፍ ብቻ አይጠግብም። ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ መካድ አይገባም። መቀነስ ግን ይቻላል፤ በየሦስት ቀኑ በሚቀያየር ካምፕ ልጅ የጓደኛውን ስም ሳይዝ ይለያያል፤ ወር በሚቆይበት ቦታ ግን ጎረቤት ያገኛል፣ ከተማ ቅርብ ከሆነም ለበዓል ወገኑን ይቀላቀላል። ከወገኖቻችን ብዙዎች ረጅም ርቀት የሚነዱ የትራክ ሾፌሮች ስለሆኑ ዳገትና ፍሬን፣ ነፋስና ክብደት እንግዳ አይሆኑባቸውም። ያ ሙያ ግን ማይል በበዛ ቁጥር የሚከፍል ነው፤ ሾፌሩ ቤተሰቡን ጭኖ ሲወጣ ያንን ልማድ መተው ይኖርበታል።

በመጨረሻም «ልጁ አያስታውሰውም» የሚባል ነገር አለ። የሦስት ዓመት ልጅ ካደገ በኋላ የግራንድ ካንየንን ገጽታ እንደማያስታውስ የታወቀ ነው። ክርክሩ ግን የሚጎዳው ፓርክ የሚቆጥረውን ተጓዥ ነው፤ ልጁ የሚረሳው ያንን ዝርዝር ነውና። በየቀኑ ወጣ ገባ መሬት ላይ የተራመደ እግር፣ ውሃ ከመጠማቱ በፊት መጠጣት የለመደ ልጅ፣ እንስሳ ሲያይ ቆሞ መራቅን ያወቀ ልጅ ይህን የሚይዘው በልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ቀኑና ቦታው ቢረሳም አብሮ ይቆያል።

ይህ አኗኗር ለሁሉም አይሆንም፤ የሚሆንለትን ለማወቅ ግን ቤት መሸጥ አያስፈልግም። ከዋሽንግተን 75 ማይል ገደማ የሚርቀው ሸነንዶዋ ለሙከራ ይበቃል፤ ሊምበርሎስት የሚባለው 1.3 ማይል ዙሪያ መንገዱ በደቃቅ ድንጋይ የተደላደለ ስለሆነ የልጅ ጋሪ ይሄድበታል። ትንሽ አርቪ ተከራይቶ አንድ ሳምንት ሳያንቀሳቅሱ እዚያው መክረም፣ በአምስተኛው ቀንም ልጆቹ እንዴት እንዳደሩ፣ ባልና ሚስት በዚያች ጠባብ ማድ ቤት እንዴት እንደተላለፉ ማየት ነው። ያ ሳምንት ከሰለቻቸው 40 ፓርክ ማየት አያድናቸውም። ከተስማማቸው ደግሞ መሸጫ ግቢ ሲገቡ ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃቸው በፊት የታንከሮቹን ልክ፣ የባትሪውን አቅምና ልጁ ተኝቶ ሳለ ሳይቀሰቅሱት ቡና የሚፈላበት ቦታ መኖሩን ይጠይቁ።